«ብትነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር»ን በስፓኒሽ መናገር፦ የአሠራር መመሪያ

«ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር።» አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ሐሳብ ይለዋል። አልተነገረኝም፣ አልመጣሁም፣ ጊዜውም አልፏል፤ ቢሆንም ሊሆን ይችል የነበረውን እናወራለን። ስፓኒሽ ለዚህ ራሱን የቻለ የግስ ጊዜ አለው። ስሙ «ኮንዲስዮናል ኮምፑዌስቶ» ነው፤ «ኮንዲስዮናል ፔርፌክቶ» የሚሉትም አሉ። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ መጨረሻዎቹ ምዕራፎች ይገፉታል። እኔ ግን ተማሪው ኃላፊ ጊዜን እንደያዘ ወዲያው ሊማረው ይገባል ባይ ነኝ። መጸጸት፣ መውቀስ፣ «አንተ ባትኖር ኖሮ አይሳካልኝም ነበር» ብሎ ከልብ ማመስገን ያለ እሱ አይሆንምና።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናቅፈው የሐሳቡ ክብደት አይደለም። ሐሳቡ ድሮም የእኛ ነው። የሚያደናቅፈን «ነበር» ናት፤ እኛ በአንዲት «ነበር» የምንሸፍነውን ቦታ ስፓኒሽ ለብዙ ቅርጾች አከፋፍሎታል። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከእርባታ ሠንጠረዥ ሳይሆን ከራሳችን ቋንቋ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። የስፓኒሹን ቃላት በላቲን አሜሪካ አነጋገር፣ እንደሚሰሙት አድርጌ በፊደላችን ጽፌያለሁ። ስፓኒሽ «ቤ» እና «ኡቤ» የሚላቸው ሁለት ፊደላት አንድ ድምፅ ስላላቸው ሁለቱንም በ«ብ» ጽፌያቸዋለሁ።

1. «ነበር»ን ይለዩ

ወደ ስፓኒሽ ከመሻገርዎ በፊት በአማርኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችው «ነበር» የትኛዋ እንደሆነች ይመርምሩ።

«እሑድ እሑድ እመጣ ነበር» የቆየ ልማድ ነው። ስፓኒሹ «ቤኒያ ሎስ ዶሚንጎስ» ነው፤ ከሁኔታ ጋር ግንኙነት የለውም።

«ስትደውል ደርሼ ነበር» ከሌላ ያለፈ ድርጊት በፊት በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ነው። «ኩዋንዶ ያማስቴ፣ ያ አቢያ ዬጋዶ።»

«ልመጣ ነበር» ሐሳብ ነው፤ «ኢባ ኣ ቤኒር» ይባላል። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነችው «ልወድቅ ነበር» ግን ለብቻዋ መታወቅ አለባት። ስፓኒሽ «ፖር ፖኮ ሜ ካይጎ» ይላል፤ ጉዳዩ ያለፈ ቢሆንም ግሱ በአሁን ጊዜ ይቀመጣል። እዚህ ሁኔታዊ ግስ ማስገባት ብዙ የኛ ተማሪዎች የሚገቡበት ወጥመድ ነው።

«አሁን ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» ዛሬን የሚመለከት ምኞት ነው። «ሲ ቱቢዬራ ዲኔሮ፣ ሎ ኮምፕራሪያ።»

«ያን ጊዜ ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» የምንፈልገው ይህ ነው። «ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ ዲኔሮ፣ ሎ አብሪያ ኮምፕራዶ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያስተያዩ። «እገዛው ነበር» በሁለቱም ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ልዩነቱን የተሸከሙት «ያን ጊዜ» እና «ኖሮ» ናቸው። «ኖሮ» ጥሩ ምልክት ናት፤ ብቻዋን ግን አትበቃም፤ ስለ ዛሬ ስንናገርም አንዳንዴ እንጨምራታለንና። የሚያስተማምነው ፈተና ይህ ነው፦ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ «ግን አልሆነም፤ ጊዜውም አልፏል» ብለው ይጨምሩ። ሳይጋጭ ከተቀበለው ኮንዲስዮናል ኮምፑዌስቶ ይጠቀሙ። «አልሆነም» የሚለውን ተቀብሎ «ጊዜውም አልፏል» የሚለውን ካልተቀበለ «ኮምፕራሪያ» ይበቃል።

አማርኛ ሌላም መንገድ አለው። «ባትደርስልኝ ኖሮ ሞቼ ነበር» እንላለን። «ሞቼ ነበር» ለብቻው ሲታይ «ደርሼ ነበር»ን ስለሚመስል «አቢያ ሙዌርቶ» ለማለት ይዳዳል። ተናጋሪው ግን በሕይወት አለ፤ አልሞተም። ትክክለኛው «ሲ ኖ ኡቢዬራስ ዬጋዶ ኣ ቲዬምፖ፣ አብሪያ ሙዌርቶ» ነው። ስለዚህ ዋናውን ግስ ከመተርጎምዎ በፊት ሁልጊዜ ከጎኑ የ«ብ» ወይም የ«ባ» ግስ መኖሩን ይዩ።

2. ረዳት ግሱን ይያዙ

አሠራሩ ሁለት ቃል ነው፦ «አቤር» የሚባለው ረዳት ግስ በሁኔታዊ ቅርጹ፣ ቀጥሎም የዋናው ግስ ፓርቲሲፒዮ፣ ማለትም ከረዳቱ ጋር የሚሄደው የማይረባ ቅርጹ። የሚረባው ረዳቱ ብቻ ነው።

ዮ አብሪያ (እኔ)
ቱ አብሪያስ (አንተ፣ አንቺ)
ኤል፣ ኤያ፣ ኡስቴድ አብሪያ (እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ)
ኖሶትሮስ አብሪያሞስ (እኛ)
ቦሶትሮስ አብሪያይስ (እናንተ፣ በስፔን)
ኤዮስ፣ ኤያስ፣ ኡስቴዴስ አብሪያን (እነሱ፣ እናንተ)

«አብሪያይስ» የሚያስፈልግዎ ከስፔን ሰዎች ጋር ከሆነ ብቻ ነው። በላቲን አሜሪካ ለ«እናንተ» የሚያገለግለው «ኡስቴዴስ አብሪያን» ነው፤ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ዓ.ም. በኩባ የወጣቶች ደሴት ትምህርታቸውን የተከታተሉ ኢትዮጵያውያን ዙሪያቸውን ይሰሙት የነበረውም ይኸው ነው። በአርጀንቲና «ቱ» በ«ቦስ» ይተካል፤ ግሱ ግን «አብሪያስ» እንደሆነ ይቀራል።

«አብሪያ» ለ«እኔ»ም፣ ለ«እሱ»ም፣ ለ«እሷ»ም፣ ለ«እርስዎ»ም አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ተውላጠ ስም መጣል ልማዳችን ነው። እዚህ ግን ማን እንደሆነ ከንግግሩ ካልታወቀ «ዮ» ወይም «ኡስቴድ» ብለው ይግለጹ።

አጠራሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉልበቱ የሚያርፈው «ሪ» ላይ ነው፤ ሲጻፍም በስድስቱም ቅርጾች እዚያው አናባቢ ላይ «ቲልዴ» የሚባለው ምልክት ይቀመጣል። በመጀመሪያው ላይ «አቼ» የምትባል የማትነበብ ፊደል አለች። እሷ ከተረሳች ቃሉ «ይከፍት ነበር» የሚል ሌላ ግስ ይሆናል፤ ሁለቱ በጆሮ ፈጽሞ አይለዩም። ከዚህ የባሰው ግን የ«ር» መጥፋት ነው። «አብሪያ ኮምፕራዶ» ይገዛ ነበር የሚባልለት፣ ግን ያልገዛ ሰው ነው፤ «አቢያ ኮምፕራዶ» የገዛ ሰው ነው። በአንድ ድምፅ ያልሆነው የሆነ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ጮክ ብለው ደጋግመው ይበሉ፦ አቢያ፣ አብሪያ፤ አቢያስ፣ አብሪያስ፤ አቢያን፣ አብሪያን። ከማንኛውም የጽሑፍ ልምምድ በፊት ይህን አስቀድማለሁ።

3. ፓርቲሲፒዮውን ያዘጋጁ

በ«አር» የሚያልቁ ግሶች «አዶ» ይይዛሉ፦ ኮምፕራር፣ ኮምፕራዶ። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት «ኢዶ» ይይዛሉ፦ ኮሜር፣ ኮሚዶ፤ ቢቢር፣ ቢቢዶ። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ስለሆኑ በቃል መያዝ አለባቸው።

ዴሲር (ማለት፣ መንገር)፦ ዲቾ
አሴር (ማድረግ)፦ ኤቾ
ቤር (ማየት)፦ ቢስቶ
ፖኔር (ማስቀመጥ)፦ ፑዌስቶ
ኤስክሪቢር (መጻፍ)፦ ኤስክሪቶ
አብሪር (መክፈት)፦ አቢዬርቶ
ቦልቤር (መመለስ)፦ ቡዌልቶ
ሮምፔር (መስበር)፦ ሮቶ
ሞሪር (መሞት)፦ ሙዌርቶ
ኩብሪር (መሸፈን)፦ ኩቢዬርቶ
ሬሶልቤር (መፍታት)፦ ሬሱዌልቶ

ከእነዚህ የሚወለዱት ወላጆቻቸውን ይከተላሉ፤ «ዴቦልቤር» (ዕቃ መመለስ) «ዴቡዌልቶ»፣ «ዴስኩብሪር» (ማግኘት፣ መግለጥ) «ዴስኩቢዬርቶ» ይሆናሉ።

ፓርቲሲፒዮው ከ«አቤር» ጋር ሲሆን ለጾታም ለቁጥርም አይለወጥም። «ኤያ አብሪያ አቢዬርቶ ላስ ፑዌርታስ» (እሷ በሮቹን ትከፍት ነበር) ላይ ባለቤቷ ሴት፣ በሮቹም ብዙና አንስታይ ናቸው፤ «አቢዬርቶ» ግን አልተነካም። «በሩ ክፍት ነው» ስንል ግን «ላ ፑዌርታ ኤስታ አቢዬርታ» እንላለን፤ እዚያ ቅጽል ስለሆነ ይለወጣል።

4. የ«ሲ»ን ወገን ይሥሩ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። «ብትነግረኝ ኖሮ» የሚለው ክፍል በስፓኒሽ «ሲ» በምትባል ራሷን በቻለች ቃል ይጀምራል፤ ግሱም የ«ሱብኹንቲቦ» (እውነት ሳይሆን የሚታሰብን ነገር የሚገልጽ የግስ መልክ) ቅርጽ ይይዛል፦ ኡቢዬራ፣ ኡቢዬራስ፣ ኡቢዬራ፣ ኡቢዬራሞስ፣ ኡቢዬራይስ፣ ኡቢዬራን። ከእሱ በኋላ ያው ፓርቲሲፒዮ ይመጣል። «ሲ ሜ ሎ ኡቢዬራስ ዲቾ አንቴስ፣ አብሪያ ቤኒዶ።» በ«ኡቢዬራ» ፋንታ «ኡቢዬሴ» ቢያጋጥምዎ ትርጉሙ አንድ ነው።

መዘንጋት የሌለበት ሕግ፦ ሁኔታን ከምታመለክተው «ሲ» ቀጥሎ «አብሪያ» አይገባም። «ኡቢዬራ» በ«ሲ» በኩል፣ «አብሪያ» በውጤቱ በኩል። በሰሜን ስፔን፣ በተለይ በባስክ አገር፣ በናቫራ፣ በላ ሪዮሐና በቡርጎስ፣ «ሲ አብሪያ ቴኒዶ» ሲባል ሊሰሙ ይችላሉ። የአካባቢው አነጋገር ነው፤ ሰዎቹን አያርሙ፤ እርስዎ ግን በጽሑፍም ሆነ በፈተና አይጠቀሙበት።

«ሲ» ሁልጊዜ ሁኔታን አታመለክትም። «ይመጣ እንደ ነበር አላውቅም» ለማለት «ኖ ሴ ሲ አብሪያ ቤኒዶ» ይባላል፤ ይህም ትክክል ነው። እዚህ «ሲ» የተሸፈነ ጥያቄ ናት እንጂ «ብ» አይደለችም። አማርኛው ግሱ ላይ «ብ» ወይም «ባ» ካላስገባ ክልከላው አይሠራም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ስፓኒሽ ለጋስ ነው። በውጤቱ በኩልም «ኡቢዬራ» ማለት ይቻላል፦ «ሲ ኡቢዬራ ቴኒዶ ዲኔሮ፣ ሎ ኡቢዬራ ኮምፕራዶ።» የተለመደና ተቀባይነት ያለው አነጋገር ነው። ሲሰሙት ግራ አይጋቡ። ለመናገር ግን መጀመሪያ «ኡቢዬራ» እና «አብሪያ»ን በየቦታቸው ማጽናት ይሻላል እላለሁ፤ ከጅምሩ ሁለቱንም በ«ኡቢዬራ» የሚሞላ ተማሪ «አብሪያ»ን ጨርሶ ሳይለምደው ይቀራል።

አማርኛ ሁኔታውን ያስቀድማል። ስፓኒሽ ማስቀደምም ማስከተልም ይችላል፦ «አብሪያ ቤኒዶ ሲ ሜ ሎ ኡቢዬራስ ዲቾ።» ሁኔታው ሲቀድም በመካከል ነጠላ ሰረዝ ይገባል፤ ሲከተል አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

«ሲ»ን ጨርሶ መተውም ይቻላል። «ዴ አቤርሎ ሳቢዶ፣ ኖ አብሪያ ቤኒዶ» ማለት «ይህን ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» ነው፤ «ዴ አቤር» ከፓርቲሲፒዮ ጋር ሆኖ ሙሉውን የ«ሲ» ሐረግ ይተካል። «ሲን ቱ አዩዳ፣ ኖ ሎ አብሪያ ሎግራዶ» ደግሞ «ያለ አንተ እርዳታ አይሳካልኝም ነበር» ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ በቃልዎ ይያዙት፤ የሚነገርበት ቀን አይጠፋም።

ያለፈውና ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ እያንዳንዱን ወገን ለብቻ ይመዝኑ። «ሕክምና ባጠና ኖሮ ዛሬ ሐኪም እሆን ነበር» ስንል ጥናቱ ያለፈ፣ ሐኪምነቱ የዛሬ ነው፦ «ሲ ኡቢዬራ ኤስቱዲያዶ ሜዲሲና፣ ኦይ ሴሪያ ሜዲኮ።» ሲገለበጥ፣ «ትዕግሥተኛ ብሆን ኖሮ ትናንት አልጮህም ነበር» ላይ ትዕግሥት ማጣቱ ዛሬም ያለ ጠባይ ነው፤ ጩኸቱ ያለፈ ነው፦ «ሲ ፉዌራ ፓሲዬንቴ፣ አዬር ኖ አብሪያ ግሪታዶ።»

5. ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ

በ«አብሪያ» እና በፓርቲሲፒዮው መካከል ምንም አያስገቡ። አሉታውም፣ ተሳቢ ተውላጠ ስሙም፣ ሁሉም ከ«አብሪያ» በፊት ይሰለፋሉ። አማርኛ «አልነግረውም ነበር» ብሎ አሉታውንም ተሳቢውንም ግሱ ላይ ይሰፋል፤ ስፓኒሽ ፈትቶ ከፊት ይደረድራቸዋል፦ «ኖ ሴ ሎ አብሪያ ዲቾ።» ተራው አይናወጥም፤ አሉታ፣ የተነገረው ሰው፣ የተነገረው ነገር፣ ረዳት ግስ፣ ፓርቲሲፒዮ። «ያ» (ከወዲሁ) የምትለዋም ቃል ከፊት ብትቆም ይሻላል።

6. «ሲ» በሌለበት ይጠቀሙበት

ጸጸትና ትሕትና በአንድነት የሚነገሩበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ሜ አብሪያ ጉስታዶ ኮኖሴርላ» (ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር)። ምክር ሲሆን ደግሞ «ዮ ኤን ቱ ሉጋር ኖ አብሪያ ፊርማዶ» ይባላል፤ እኔ አንተን ብሆን ኖሮ አልፈርምም ነበር።

ወቀሳ ላይ «ነበር» መልኳን ትለውጣለች። «መደወል ነበረብህ» እና «ልታሳውቀኝ ትችል ነበር» የምንላቸው በብዛት የሚነገሩት «ዴቤሪያስ አቤር ያማዶ» እና «ፖድሪያስ አቤርሜ አቢሳዶ» ተብለው ነው። ሁኔታዊ የሆኑት «መገባት»ና «መቻል» ናቸው፤ «አቤር» ሳይረባ ይቀመጣል።

ከዚህ ሌላ ከምኞት ጋር የማይገናኝ አገልግሎት አለ። በካራካስ ተወልዶ በቺሊ ያስተማረው አንድሬስ ቤዮ በ1847 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰዋስው ይህን ጊዜ «አንቴፖስፕሬቴሪቶ» ብሎ ሰይሞታል፤ ካለፈው ወዲህ ካለ ሌላ ነጥብ በፊት የሚፈጸም ማለት ነው። ስሙ ቢረዝምም አሠራሩን በትክክል ይገልጻል። አንድ ሰው ትናንት ጠዋት «ኣ ላስ ኦቾ ያ አብሬ ቴርሚናዶ» አለ እንበል («አብሬ» የ«አቤር» የወደፊት ጊዜ ቅርጽ ነው)። ዛሬ እኛ ስናወራው «ዲኾ ኬ ኣ ላስ ኦቾ ያ አብሪያ ቴርሚናዶ» እንላለን። አማርኛ «እስከ ሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ አለ» ብሎ የሰውዬውን ቃል እንዳለ ስለሚያስተላልፍ ጊዜውን መለወጥ ይረሳናል። መጨረሱ ወይም አለመጨረሱ ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም። («ኦቾ» ስምንት ቢሆንም የነሱ የማታ ስምንት የኛ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይህም ይታሰብ።)

ግምትም አለ። «አልመለሰም፤ ሳይተኛ አልቀረም» ስለ ትናንት ሲነገር «ኖ ኮንቴስቶ፤ ሴ አብሪያ ዶርሚዶ» ይሆናል። ስለ አሁን ከሆነ «ኖ ኮንቴስታ፤ ሴ አብራ ዶርሚዶ» ነው።

በላቲን አሜሪካ ጋዜጦች ዘንድ የሚዘወተረውን አጠቃቀም ማወቅ ለአንባቢ ግዴታ ነው። «ኤል ሚኒስትሮ አብሪያ ሬኑንሲያዶ» የሚል ርዕስ ካዩ «ሚኒስትሩ ይለቁ ነበር» ብለው አይረዱት። ትርጉሙ «ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ሳይለቁ እንዳልቀሩ ተሰምቷል» ነው፤ ጋዜጣው ወሬውን አድርሶ ኃላፊነቱን አልወሰደም። የጋዜጠኝነት መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ይነቅፉታል፤ እኔም እንዲጽፉት አልመክርም። ሳያውቁት ማንበብ ግን ያልተረጋገጠን ወሬ እንደ እውነት፣ ወይም ሆኗል የተባለን ነገር እንዳልሆነ አድርጎ ያስወስዳል።

7. ራስዎን ይፈትኑ

መልሶቹን ሸፍነው የሚከተሉትን ይተርጉሙ።

ሀ. በልጅነቴ ብዙ እግር ኳስ እጫወት ነበር።
ለ. ጃንጥላ ብይዝ ኖሮ አልረጥብም ነበር።
ሐ. ደብዳቤውን አንቺ ብትጽፊው ኖሮ ይሻል ነበር።
መ. አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር።
ሠ. ያን ጊዜ ስፓኒሽ ብንማር ኖሮ ዛሬ ያለ አስተርጓሚ እንነጋገር ነበር።
ረ. እኔን ቢሆኑ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?

መልሶች፦

ሀ. «ዴ ኒኞ ኹጋባ ሙቾ አል ፉትቦል።» ልማድ ነው፤ «አብሪያ» አይነካውም።

ለ. «ሲ ኡቢዬራ ዬባዶ ፓራጉዋስ፣ ኖ ሜ አብሪያ ሞኻዶ።» «ሜ» ከ«አብሪያ» በፊት መቆሟን ይመልከቱ።

ሐ. «ሲ ኡቢዬራስ ኤስክሪቶ ቱ ላ ካርታ፣ አብሪያ ሲዶ ሜኾር።» ደብዳቤ በስፓኒሽ አንስታይ ቢሆንም «ኤስክሪታ» አይባልም። «ቱ» የገባችው አማርኛው «አንቺ» ብሎ ስላጎላ ነው።

መ. «ፖር ፖኮ ፒዬርዶ ኤል አውቶቡስ።» «ሊያመልጠኝ» የ«ል» ግስ እንጂ የ«ብ» ግስ አይደለም።

ሠ. «ሲ ኡቢዬራሞስ አፕሬንዲዶ ኤስፓኞል ኤንቶንሴስ፣ ኦይ አብላሪያሞስ ሲን ኢንቴርፕሬቴ።» ውጤቱ የዛሬ ስለሆነ ረዳት ግስ አላስፈለገውም። «አብላሪያሞስ» (እንነጋገር ነበር) እና «አብሪያሞስ» በፍጥነት ሲነገሩ ይመሳሰላሉ፤ ፓርቲሲፒዮ መከተሉ ወይም አለመከተሉ ይለያቸዋል።

ረ. ሁለት መልስ አለው። ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ከሆነ «ኬ አሪያ ኡስቴድ ኤን ሚ ሉጋር?» ይባላል፤ ውሳኔው ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ «ኬ አብሪያ ኤቾ ኡስቴድ ኤን ሚ ሉጋር?»። አማርኛው ለሁለቱም ያው ስለሆነ፣ የጠያቂው ጉዳይ ያለፈ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ሳያውቁ አይተርጉሙ።